ካቢኔው ወሰነ፤ ገንዘቡስ የት ደረሰ?

የእስራኤል ካቢኔ ቤተ እስራኤልን የሚመለከት ውሳኔ ባሳለፈ ቁጥር በማኅበረሰቡ ዘንድ ሁለት ወሬ ይከታተላል። የመጀመሪያው በዚያው ሳምንት ይሰማል፦ «ተፈቀደ፤ ገንዘቡ ወጣ፤ አውሮፕላን ሊነሣ ነው»። ሁለተኛው ከወራት በኋላ ይመጣል፦ «አታለሉን፤ ውሳኔው ወረቀት ላይ ቀረ»። ጎንደርና አዲስ አበባ ሆነው ለዓመታት የሚጠባበቁ ቤተሰቦች፣ በእስራኤል ከተሞች በነታንያና በኪርያት ማላኺ ሆነው ለልጆቻቸው የተባለውን የትምህርት ድጋፍ የሚጠይቁ ወላጆች በእነዚህ ሁለት ወሬዎች መካከል ሲመላለሱ ኖረዋል።

ሁለቱም ወሬዎች የሚዘሉት ነገር አለ። በካቢኔ ውሳኔና በሥራው መካከል ረጅም መንገድ አለ፤ በመንገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ በር ደግሞ ቁልፉ በተለያየ ሰው እጅ ነው። አንድ ውሳኔ የት በር ላይ እንደቆመ ማወቅ ማንን፣ መቼና ምን መጠየቅ እንደሚገባ ያሳያል። ይህ ጽሑፍ ያንን መንገድ ይከተላል። ዓመታቱና ወራቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥልሳ አንድ ድምፅ

የእስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ 120 መቀመጫ አለው፤ አብላጫው 61 ነው። አገሪቱ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ናት፤ ሕዝቡ የሚመርጠው ግለሰብን ሳይሆን የፓርቲ ዝርዝርን ነው። አንድ ዝርዝር መቀመጫ ለማግኘት ከተሰጠው ድምፅ ቢያንስ 3.25 በመቶ ማምጣት አለበት፤ ይህ ወለል በ2014 ከ2 በመቶ ከፍ ተደርጎ የተቀመጠ ነው። ከአገሪቱ ምሥረታ ጀምሮ ብቻውን 61 መቀመጫ ያገኘ ዝርዝር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ መንግሥት ጥምር መንግሥት ነው፤ እያንዳንዱ ጥምረት ደግሞ በጽሑፍ ስምምነት ይታሰራል።

ሕዝቧ ወደ 10 ሚሊዮን የሚደርስ ትንሽ አገር ናት፤ ክፍፍሏ ግን ብዙ ነው። ሃይማኖተኛና ዓለማዊ፣ ሐሬዲ የሚባሉት ጥብቅ ሃይማኖተኞች፣ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ የሚሆኑት አረብ ዜጎች፣ ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች አሉባት። ሐሬዲዎቹ የራሳቸው ፓርቲዎች አሏቸው፤ ጥምረት ሲመሠረት ለትምህርት ቤቶቻቸውና ለየሺቫዎቻቸው፣ ለሃይማኖት መማሪያ ተቋሞቻቸው፣ የሚሆን ገንዘብ በስምምነቱ ውስጥ ያስገባሉ። ይህ ገንዘብ የጥምረት ገንዘብ ይባላል። በ2023 እና 2024 የሁለት ዓመት በጀት ውስጥ ከ13 ቢሊዮን ሸቀል በላይ ለዚህ ተይዟል።

የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ቁጥር ከ160 ሺህ በላይ ቢሆንም ከሕዝቡ 2 በመቶ አይሞላም። ሁሉም መራጭ አንድ ዝርዝር ቢመርጥ እንኳ የ3.25 በመቶውን ወለል አይሻገርም። ስለዚህ ተወካዮቹ በትልልቅ ፓርቲዎች ውስጥ ይገባሉ፤ የጥምረት ስምምነት ሲጻፍ በጠረጴዛው ዙሪያ የራሳቸው ወንበር የላቸውም። የቀሯቸው መሣሪያዎች ሦስት ናቸው፦ በፓርቲያቸው ውስጥ ግፊት ማድረግ፣ አደባባይ መውጣትና የሚኒስቴሮችን የሥራ መንገድ ጠንቅቆ ማወቅ። የመጨረሻው ከሌሎቹ ያነሰ ትኩረት አግኝቷል፤ ያላግባብ ይመስለናል።

ውሳኔውን ማንበብ

የካቢኔ ውሳኔ በዕብራይስጥ «ሀሕላታት ሜምሻላ» ይባላል። ሕግ አይደለም፤ በጀትም አይደለም። መንግሥት ለራሱ ሚኒስቴሮች የሚሰጠው መመሪያ ነው። ቀጣዩ ካቢኔ ሊሽረው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ማንም ሳይሽረው በዝምታ ይከስማል።

እያንዳንዱ ውሳኔ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ግን በእያንዳንዱ አዲስ መንግሥት እንደገና ከ1 ይጀምራል። «ውሳኔ 716» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የ34ኛው መንግሥት ውሳኔ 716 ማለት ያስፈልጋል። ይህን ባለማወቅ የተለያዩ ውሳኔዎች በየመድረኩ ሲደባለቁ ይሰማል።

ጽሑፉን በእጅ ይዞ ማንበብ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ግሶቹን ይመልከት። «ይመደባል» የሚለው ቃል የገንዘቡን መጠን፣ ዓመቱንና የሚከፍለውን ሚኒስቴር አስከትሎ ከመጣ ውሳኔው አጥንት አለው። «ከነባሩ በጀት ውስጥ» ካለ አዲስ ገንዘብ የለም፤ ሚኒስቴሩ ከሌላ ሥራው ቀንሶ እንዲከፍል ታዟል ማለት ነው፤ ቀንሶ መስጠት የሚወድ ሚኒስቴር ደግሞ ጥቂት ነው። «በጀት ሲጸድቅ» ካለ ነገሩ ለክኔሴት ተላልፏል። «ቡድን ተቋቁሞ ሐሳብ ያቀርባል» ከሆነ የተወሰነው ቡድኑ ነው፤ ጉዳዩ ገና ነው። ጋዜጣዊ መግለጫው አራቱንም በአንድ ቃል «ጸደቀ» ይላቸዋል።

ገንዘቡ በእርግጥ እንዲወጣ በበጀት መጽሐፉ ውስጥ «ታካና» የሚባል የራሱ መስመርና ቁጥር ሊኖረው ይገባል። በመስመሩ ፊት የዓመቱ ወጪ ይሠፍራል፤ ለሚቀጥሉት ዓመታት ውል መግባት የሚያስችል ፈቃድ ካለም ለብቻው ይጻፋል፤ የሚፈቀዱ የሥራ መደቦችም እንዲሁ። ሁለተኛው ከጎደለ ፕሮግራሙ የአምስት ዓመት ቢባልም ውሉ የአንድ ዓመት ይሆናል። በዓመት ውል የተቀጠረ የወጣቶች አስተባባሪ በዓመቱ መጨረሻ ዕጣው ስለማይታወቅ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ የሚሄደውም አብዛኛውን ጊዜ ጎበዙ ነው። ወላጆች «ሰው ይቀያየርብናል» የሚሉት ችግር ምንጩ ከብዙ ወራት በፊት ባዶ የቀረ አንድ ሣጥን ሊሆን ይችላል።

መስመሩ ካለ በኋላም ፊርማ ይቀራል። በየሚኒስቴሩ «ሐሻብ» የሚባል የሒሳብ ኃላፊ አለ። ቢሮው በሚኒስቴሩ ውስጥ ነው፤ አለቃው ግን የገንዘብ ሚኒስቴር ዋና ሒሳብ ሹም ነው። ያለ እሱ ፊርማ ሚኒስትሩ ራሱ ውል መግባት አይችልም።

ሁለት ውሳኔዎች በስድስት ሳምንት

በ2015 መጨረሻ 34ኛው መንግሥት በስድስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ትልልቅ ውሳኔዎችን አሳለፈ። ኖቬምበር 15 በጸደቀው ውሳኔ 716 በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠባበቁ ከ9 ሺህ በላይ ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ እስራኤል እንዲገቡ ተወሰነ። ዲሴምበር 30 በጸደቀው ውሳኔ 922 ደግሞ የአረብ ዜጎች ለሚኖሩባቸው ከተሞችና መንደሮች የአምስት ዓመት የኢኮኖሚ ልማት ዕቅድ ወጣ። መንግሥቱ አንድ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ያው ቤንያሚን ኔታንያሁ ናቸው። ዕጣቸው ግን ለየቅል ሆነ።

ውሳኔ 716 ከጸደቀ ከአራት ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 19፣ ክኔሴት የ2015 እና 2016ን የሁለት ዓመት በጀት በ61 ለ59 ድምፅ አጸደቀ። በጀቱ ሲዘጋ ለ716 የሚበቃ ገንዘብ አልተያዘም። ከዚያ በኋላ የሆነው ሊገርም አይገባም፦ በ2016 መጀመሪያ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በጀት ስለሌለ ውሳኔው ሊፈጸም እንደማይችል አስታወቀ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ልዩነቱ ይህችን ላም ሲጠባበቁ የነበሩት ልጆቻቸውን ከለዩ ዓመታት የተቆጠሩባቸው እናቶች መሆናቸው ነው።

ጉዳዩን ያንቀሳቀሰው የ61 ስሌት ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርቲ የሊኩድ የክኔሴት አባላት የሆኑት አብርሃም ንጉሤና ዳቪድ አምሳለም ውሳኔው ካልተፈጸመ ከጥምረቱ ጋር ድምፅ አንሰጥም አሉ። ጥምረቱ በአንድ ድምፅ ብልጫ የቆመ ስለነበር ሁለት ሰው መቅረቱ ብቻ በድምፅ ያስሸንፈው ነበር። በማርች 2016 መንግሥት ድምፅ መሸነፍ ጀመረ፤ በኤፕሪል ስምምነት ተደረሰ፤ የመጀመሪያዎቹ ተጓዦች በኦክቶበር ደረሱ። በሜይ መጨረሻ ግን የአቪግዶር ሊበርማን ፓርቲ ጥምረቱን ተቀላቅሎ ቁጥሩ ወደ 66 ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት አባላት ቢቀሩ መንግሥት አይነቃነቅም። የግፊቱ መስኮት ተከፍቶ የቆየው ለሦስት ወር ያህል ነው። የ2017 በጀት 1,300 ሰዎችን ብቻ ቻለ፤ አምስቱ ዓመት ሲያልቅ በ2020 ከታሰበው ቁጥር ብዙው ገና ቀርቶ ነበር።

ውሳኔ 922 በሌላ መንገድ ነው የተሠራው። በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሥር በ2007 የተቋቋመው የአናሳዎች የኢኮኖሚ ልማት ባለሥልጣንና የገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ክፍል ለወራት አብረው ሠሩት። ዋናው ብልሃት አዲስ ገንዘብ መጠየቅ አልነበረም። ባለሙያዎቹ በየሚኒስቴሩ ያሉትን ነባር መስመሮች አንድ በአንድ አይተው የአከፋፈሉን ቀመር ቀየሩ፤ በሕዝብ ትራንስፖርት፣ በመንገድ፣ በኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ባሉ ፕሮግራሞችና በሕፃናት መዋያ ለአረብ ከተሞች የሚደርሰው ድርሻ ከሕዝብ ቁጥራቸው ጋር እንዲቀራረብ አደረጉ። መስመሩ ቀድሞም ስላለ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ውስጥ በራሱ ይመለሳል፤ የሚለወጠው የአከፋፈሉ መቶኛ ነው።

ገንዘቡ ሲታወጅ እስከ 15 ቢሊዮን ሸቀል እንደሚደርስ ተነግሮ ነበር፤ በኋላ የተሠሩ ስሌቶች ወደ 10 ቢሊዮን ያወርዱታል። በመሬትና በቤት ግንባታ ፈቃድ ረገድ ውጤቱ ደካማ ነበር፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው እንቅፋት ከገንዘብ ይልቅ የፕላን ሥልጣን ነው። ቢሆንም ፕሮግራሙ ከተከታታይ ምርጫዎች ተርፎ በ2021 በውሳኔ 550 ቀጠለ፤ ይህኛው ወደ 30 ቢሊዮን ሸቀል የሚገመት ሲሆን የመንሱር አባስ የአረብ ፓርቲ ራአም ጥምረቱ ውስጥ በነበረበት ጊዜ የጸደቀ ነው። በ2024 የጦርነቱ በጀት ሲከለስ ከ550 ላይ 15 በመቶ እንዲቀነስ ተወሰነ። ተቆረጠ፤ ግን አልጠፋም። ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን የሚያይ ሰው በነባር መስመር ውስጥ የተተከለ ድርሻ ብቻውን ከቆመ ቃል ይልቅ ሥር እንደሚሰድ ይገነዘባል።

በጀት ያልጸደቀበት ዓመት

የበጀት ዓመቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው። መንግሥት ረቂቁን ዓመቱ ከመግባቱ ቢያንስ 60 ቀን ቀድሞ ለክኔሴት ማቅረብ አለበት። ዓመቱ ገብቶ እስከ ማርች 31 ካልጸደቀ፣ ከምርጫ ማግስት ላሉ ዓመታት ከተቀመጠው የተለየ ቀን በስተቀር፣ ክኔሴት በሕግ ይበተንና ምርጫ ይጠራል። ይህ የመሠረታዊ ሕግ ድንጋጌ በጀትን የመንግሥት ዕድሜ መለኪያ አድርጎታል። በዲሴምበር 2020 ክኔሴት የተበተነው በዚሁ ነው፤ የተራዘመው ቀነ ገደብ አልፎ የ2020 በጀት ሳይጸድቅ ቀረ።

በጀት እስኪጸድቅ ድረስ መንግሥት በየወሩ ካለፈው ዓመት በጀት እስከ አንድ አሥራ ሁለተኛ ማውጣት ይችላል። ቅደም ተከተሉም ተጽፏል። መጀመሪያ በሕግ፣ በውልና በስምምነት የታሰሩ ክፍያዎች ይከፈላሉ፤ ከዚያ አስፈላጊ አገልግሎቶችና ባለፈው በጀት ውስጥ የነበሩ ሥራዎች ይከተላሉ። አዲስ ፕሮግራም በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። ዘመኑ ያለቀበት ፕሮግራምም እንዲሁ፤ ለማራዘም አዲስ ውሳኔና አዲስ ገንዘብ ያስፈልገዋልና።

ከማርች 2018 እስከ ኖቬምበር 2021 ድረስ ክኔሴት አንድም ዓመታዊ በጀት አላጸደቀም። ከኤፕሪል 2019 እስከ ኖቬምበር 2022 አምስት ምርጫ ተካሂዷል። በዚህ መካከል የነበሩት መንግሥታት በአብዛኛው የሽግግር መንግሥታት ናቸው፤ በሹመትና በአዲስ ፕሮግራም ረገድ እጃቸውን እንዲሰበስቡ የሕግ አማካሪዎች የሚያሳስቧቸው ማለት ነው።

ማኅበረሰቡ ዘረኝነትን ተቃውሞ የወጣባቸውን ሁለት ታላላቅ ሰልፎች በዚህ ሰዓት ላይ አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። የ2015ቱ ሰልፍ በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ ሲደረግ አዲሱ መንግሥት ሊመሠረት ቀናት ቀርተውት ነበር፤ በጀቱም ገና አልተዘጋጀም። በጁላይ መጨረሻ «ዴሬክ ሐዳሻ»፣ አዲስ መንገድ፣ በተባለው የውህደት ዕቅድ ላይ ውሳኔ 324 ወጣ፤ የትምህርት፣ የማኅበራዊ ደህንነት፣ የጤና፣ የኢኮኖሚና የስደተኞች መቀበያ ሚኒስቴሮች በየድርሻቸው ገቡበት። ዘረኝነትን የመረመረው የፓልሞር ኮሚቴም ሪፖርቱን በ2016 አቅርቦ በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚከላከል ቋሚ ክፍል ተቋቋመ። የ2019ኙ ሰልፍ ደግሞ የተደረገው በጁላይ ነው። ክኔሴቱ ከአንድ ወር በፊት ራሱን በትኗል፤ መንግሥቱ የሽግግር ነው፤ ቀጣዩ ዓመት በጀት አልባ ሊሆን ነው። ቁጣው ከ2015ቱ አላነሰም፤ ሰልፈኛውም ብዙ ነበር። የሚያዳምጠው መንግሥት ግን አዲስ መስመር የሚከፍትበት ቁልፍ በእጁ አልነበረም። «በሁለተኛው ሰልፍ ምንም አላገኘንም፤ ሰልፍ ከንቱ ነው» የሚለው መደምደሚያ ይህን ይዘነጋል።

ሕጉ በሩን ፈጽሞ ይዘጋል ማለት ግን አይደለም። በዚያው በጀት አልባ ዓመት፣ በ2020 ዲሴምበር፣ «ፁር ይስራኤል» የተባለው ዘመቻ ተጀምሮ እስከ ማርች 2021 ድረስ 2,000 ሰዎችን አስገብቷል። በጊዜው በኢትዮጵያ የተወለዱት የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ፕኒና ታማኖ ሻታ የስደተኞች መቀበያ ሚኒስቴርን ይዘው ጉዳዩን ከካቢኔው ጠረጴዛ እንዳይወርድ አድርገዋል። በበጀት እጦት ዘመን አንድ ነገር የሚያልፈው ለእሱ ብቻ የሚቆም ሰው ሲኖር ነው፤ ቁጥሩም ተለክቶ ይሰጣል። በኖቬምበር 2021 ወደ 3,000 ለሚጠጉ ተጨማሪ ሰዎች ሲወሰን ደግሞ ሌላ በር ተዘጋ፦ አቤቱታ ቀርቦ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን በጊዜያዊ ትእዛዝ አገደው። እገዳው በማርች 2022 ተነሥቶ በረራው በጁን ቀጠለ።

የገንዘብ ሚኒስቴር፦ ጠባቂ ወይስ እንቅፋት?

እስካሁን በተነገረው ሁሉ ውስጥ አንድ ክፍል ደጋግሞ ይታያል፤ የገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ክፍል ነው። ሠራተኞቹ «ሬፌሬንት» ይባላሉ፤ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ የጨረሱ ወጣት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የአንድ ዘርፍ በጀት ይከታተላል። ሚኒስቴር ሁሉ ከእነሱ ጋር ይደራደራል።

ይህ ሥልጣን የመጣው ከቀውስ ነው። በ1984 የዋጋ ንረቱ 445 በመቶ ደርሶ ነበር። በ1985 የወጣው የማረጋጊያ ዕቅድ ወጪን ቆርጦ ንረቱን ሲያበርድ፣ የበጀት መሠረቶች ሕግና «ሖክ ሀሄስዴሪም» የሚባለው ልማድ አብረው ተወለዱ። ሖክ ሀሄስዴሪም ከበጀቱ ጎን የሚቀርብ፣ በደርዘን የሚቆጠሩ ሕጎችን በአንድ ጥቅል የሚያሻሽል ረቂቅ ነው። የክኔሴት አባል ጥቅሉን ከጣለ በጀቱን ይጥላል፤ በጀቱ ከወደቀ መንግሥት ይወድቃል። ስለዚህ ለብቻው ቢቀርብ የማያልፍ ነገር በጥቅሉ ውስጥ ያልፋል።

ጉዳቱን በዝርዝር የሚያሳየው የሕዝብ መኖሪያ ቤት ጉዳይ ነው። በ1998 ክኔሴት በመንግሥት የቤት ድርጅት በአሚዳርና በመሰል ድርጅቶች ቤት ለረጅም ጊዜ የኖሩ ተከራዮች ቤታቸውን በቅናሽ እንዲገዙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሕጉ በመጽሐፉ ላይ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ከዓመት ዓመት በሖክ ሀሄስዴሪም ሲገፋና ሲገደብ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። በእነዚያ ቤቶች ከሚኖሩት መካከል ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ሕግ እንደ ወጣ ሰምቶ ወደ ቢሮ የሄደ ሰው «ገና ነው» ሲባል ሠራተኛው የከለከለው ሊመስለው ይችላል፤ መልሱ የተዘጋጀው ግን በበጀቱ ጥቅል ውስጥ ነበር።

የበጀት ክፍሉን የሚደግፉ ወገኖች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። በጥምር መንግሥት እያንዳንዱ ፓርቲ ለመራጩ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሒሳቡን የሚደምር አንድ አካል ከሌለ የ1984 ዘመን ይመለሳል ይላሉ። በ2015 የወጣውና «ኑሜራቶር» የተባለው ደንብም ለዚሁ ነው፤ ለሚመጡት ዓመታት የተገቡ ቃሎች ተደምረው ከወጪ ጣሪያው ካለፉ፣ አዲስ ቃል የሚገባ መንግሥት ምን እንደሚቀንስ አብሮ እንዲያሳይ ያስገድዳል። በዓመት ከተወሰነ መጠን በላይ ገንዘብ የሚያስወጣ የግል ረቂቅ ሕግም መንግሥት ካልተስማማበት በየንባቡ 50 አባላት ይሻል።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ያልተመረጡ ባለሙያዎች ክኔሴት ያወጣውን ሕግ በጥቅል ረቂቅ ማገዳቸው የሕዝብን ድምፅ ያሳንሳል ይላሉ። ፍርድ ቤትም ነገሩን ነክቶታል፤ በ2017 ከሁለት በላይ ቤት ባላቸው ሰዎች ላይ የተጣለውን ግብር የከፍተኛው ፍርድ ቤት ያፈረሰው አባላቱ ረቂቁን ሳያዩና ሳይወያዩበት ስላለፈ ነው። በእኛ ግምት የጣሪያው አስፈላጊነት አያከራክርም። የሚያከራክረው ጣሪያው ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው የማን ነው የሚለው ነው። በጥምረት ስምምነት የታሰረ ገንዘብ ጠበቃ አለው፤ በካቢኔ ውሳኔ ብቻ የቆመው የለውም።

ከኢየሩሳሌም እስከ ከተማ አዳራሹ

ገንዘቡ ከሚኒስቴር ወጣ እንበል። አሁን የከተማው አስተዳደር፣ «ዒሪያ» የሚባለው፣ ተራ ነው። እስራኤል ክልላዊ መንግሥት የላትም፤ ከ250 በላይ የአካባቢ አስተዳደሮች በቀጥታ ከኢየሩሳሌም ጋር ይገናኛሉ።

ሚኒስቴሩ ብዙ ጊዜ «ኮል ኮሬ» ያወጣል፤ ማመልከት የሚፈልግ ከተማ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቅጽ ያመልክት የሚል ጥሪ ነው። ትልቅ ከተማ ይህን ብቻ የሚሠራ ክፍል አለው። ትንሿ ከተማ ግን አንድ የማኅበራዊ አገልግሎት ኃላፊ ሌላውን ሥራ ሁሉ ይዛ ቅጹን ትሞላለች፤ ካልደረሰችበት ገንዘቡ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ከዚያ የከተማው ድርሻ ይመጣል። በማኅበራዊ አገልግሎት ሚኒስቴሩ 75 በመቶ፣ ከተማው 25 በመቶ ይከፍላል። 400 ሺህ ሸቀል ለሚያስፈልገው ፕሮግራም ሚኒስቴሩ 300 ሺህ ሲይዝ ከተማው 100 ሺህ ማምጣት አለበት። የከተማ ገቢ የሚመጣው በዋናነት ከንብረት ግብር ነው፤ ቢሮና ፋብሪካ ከመኖሪያ ቤት በጣም የበለጠ ይከፍላሉ። ቴል አቪቭ 100 ሺህ ማግኘት አይከብዳትም። ኢንዱስትሪ የሌላት፣ ድኻ ነዋሪ የበዛባት ከተማ ግን 25 በመቶውን ስታጣ 75ቱንም ታጣለች። ድጋፉ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ከተማ በዚህ ደንብ የመጨረሻዋ ተጠቃሚ ትሆናለች።

ጊዜም ይበላል። በጀት በማርች መጨረሻ ከጸደቀ፣ ኮል ኮሬ በጁላይ ገደማ ይወጣል፤ መልሱ ከአይሁድ አዲስ ዓመት በዓላት በኋላ ይመጣል፤ ጨረታና ቅጥር ሲጨመርበት ዓመቱ ያልቃል። በዲሴምበር 31 ውል ያልተገባበት ገንዘብ ከመስመሩ ሊወጣ ይችላል፤ ውል የተገባበት ደግሞ በገንዘብ ሚኒስቴር ፈቃድ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ከዚያ በሪፖርቱ ላይ «አፈጻጸሙ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ይጻፍና ለቀጣዩ ዓመት ቅነሳ ማስረጃ ይሆናል። የ2021 በጀት በኖቬምበር መጀመሪያ ሲጸድቅ ከዓመቱ የቀረው ሁለት ወር እንኳ አልሞላም ነበር።

ለብቻ ወይስ ከሁሉም ጋር?

በማኅበረሰቡ ውስጥ ያለው ክርክር ከዚህ ጋር ይያያዛል። አንደኛው ወገን ለኢትዮጵያውያን ብቻ የተለዩ ፕሮግራሞች ልጆችን ለይተው ያስቀምጣሉ፣ ጥራታቸውም ይወርዳል ይላል፤ ዴሬክ ሐዳሻ አገልግሎቱን ወደ አጠቃላይ ሚኒስቴሮች ለማዞር የሞከረው ይህን ትችት ሰምቶ ነው። ሌላኛው ወገን የተለየ መስመር ከሌለ ገንዘቡ በትልቁ በጀት ውስጥ ይሟሟል፣ ማን እንዳገኘም አይታወቅም ይላል። ከላይ ያየነው አሠራር ለሁለቱም መልስ የሚሆን መካከለኛ መንገድ ያሳያል፦ መስመሩ የሁሉም ሆኖ፣ በውስጡ የተጻፈ ድርሻና በየዓመቱ የሚታተም የአፈጻጸም ቁጥር ይኑር። ለመንግሥት ሥራ ቅጥር በ2011 በወጣው ሕግ የኢትዮጵያ ተወላጆች ተገቢ ውክልና እንዲያገኙ መደንገጉ የዚህ ዓይነት ነው፤ ሕግ በመሆኑ በየዓመቱ ከበጀት ድርድር ጋር አይነሣም፣ አይወድቅም።

ምርጫ በቀረበ ቁጥር ውሳኔዎች ይበዛሉ፤ በጀት ሳይያዝላቸው የሚወጡትም አብረው ይበዛሉ። ለሚቀጥለው ዓመት መስመር የሚፈልግ የማኅበረሰብ ድርጅት ሥራውን የሚጀምረው ሚኒስቴሮች ከሬፌሬንቶቻቸው ጋር በሚቀመጡበት ወቅት፣ ከሜይና ጁን ገደማ ጀምሮ ነው። ይዞ የሚሄደውም የውሳኔውን ቁጥር፣ የመስመሩን ቁጥርና ባለፈው ዓመት ከመስመሩ ስንት ሸቀል እንደወጣ የሚያሳየውን ሒሳብ ነው። ረቂቁ በኦክቶበር ገደማ ክኔሴት ከገባ በኋላ የሚጠይቅ ሰው በፋይናንስ ኮሚቴው በኩል ከሌላ መስመር የሚዘዋወር ገንዘብ መፈለግ ይኖርበታል፤ ለዚያ ደግሞ የራሱን መስመር ለመልቀቅ የሚስማማ ሌላ ሚኒስትር ማግኘት አለበት።